ጥያቄና መልስ፦ «ጾሜ ለምን አላከሳኝም?»

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የታይሮይድ ማነስ እንዳለብኝ ከተነገረኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ በየቀኑ የምውጠው ኪኒንም ታዞልኛል። ክብደቴ ስለ ጨመረ ምግብ በጣም ቀንሻለሁ። በጾም እስከ 9 ሰዓት ቆይቼ ጥቂት ሰላጣ ብቻ እቀምሳለሁ። ከጾም ውጭም እንጀራ ትቼ በጥሬ ጎመን ጭማቂ እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር በራሴ ፈቃድ እጾማለሁ። በጾም ቀን ጾሜ እንዳይፈርስ ኪኒኑን አልወስድም። ይህን ሁሉ አድርጌም ክብደቴ ፈቀቅ አላለም። በማኅበራችን ‹ጾማ የማትከሳ› እያሉ ይቀልዱብኛል። እግዚአብሔር ጾሜን አልተቀበለው ይሆን? ለፍልሰታስ ምን ልጨምር?»

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልስ። ለፍልሰታ የምትጨምሪው ምንም ነገር የለም፤ የምትተዪው ግን አለ።

ሥርዓተ ጾሙን ስለምታውቂው አልዘረዝረውም። ልቆይበት የምፈልገው በጥያቄሽ ውስጥ ባለው፣ ከብዙ ምእመናን አፍ ደጋግሜ በሰማሁት አሳብ ላይ ነው፤ ጾም በሚዛን ይለካል በሚለው። የከሳ ሰው እንደ ጾመ ይቆጠራል። ያልከሳው ደግሞ ወይ ተደብቆ በልቷል ወይ ጾሙ አልሠመረለትም ይባላል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብላ አስተምራ አታውቅም።

ዳንኤልና ሦስቱ ብላቴኖች በባቢሎን የንጉሡን ማዕድ ትተው ዐሥር ቀን ጥራጥሬ እየበሉ፣ ውኃ እየጠጡ ቆዩ። ቀኑ ሲፈጸም ከንጉሡ መብል ከበሉት ሁሉ ይልቅ ፊታቸው አምሮ፣ ሥጋቸውም ወፍሮ ታየ (ዳን. 1፥15)። ልብ በዪ፤ መጽሐፍ ጾማቸው እንደ ሠመረ ያሳየው በመክሳታቸው አይደለም። በኢሳይያስ 58ም እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲነግረን የበደልን እስራት ስለ መፍታት፣ ለተራበ እንጀራን ስለ መቁረስ፣ የተራቆተውን ስለ ማልበስ ይነግረናል። ጾምሽ ምን እንዳፈራ ማየት ስትፈልጊ ሚዛኑን ትተሽ ይህን መርምሪ፦ ለጎረቤትሽ የያዝሽው ቂም ቀለለ ወይ? ጸሎትሽ ተሰበሰበ ወይ? ከቁርስሽ የተረፈው ገንዘብ ወደ ድኻ እጅ ገባ ወይ? በእነዚህ ውስጥ ፍሬ ካገኘሽ ኪሎሽ ባለበት ቢቆምም ጾመሻል።

«ታዲያ ክብደቴ ለምን አልቀነሰም?» ትዪኝ ይሆናል። መልሱ ያለው በሕመምሽና በአመጋገብሽ ነው፤ እግዚአብሔር ፊቱን ስላዞረብሽ አይደለም። በአንገት ፊት ለፊት ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይርበትን ፍጥነት ትወስናለች። እርሷ ስትደክም ብርድ፣ ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ የፀጉር መነቃቀል፣ የፊት ማበጥ ይመጣሉ፤ ክብደትም ይጨምራል። ሆኖም በሕመሙ ብቻ የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ቢሆን ነው፤ የሚበዛውም ስብ ሳይሆን ሰውነት የያዘው ጨውና ውኃ ነው። መድኃኒቱ በትክክል ሲሠራ የሚወርደው እርሱ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ማንኛውም ሰው ክብደት በአመጋገብና በእንቅስቃሴ፣ ቀስ ብሎ የሚቀንስ ነው። ይህን በግልጽ የምነግርሽ ሁሉን በሕመሙ አሳበሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ፣ ሁሉን በራስሽ ላይ ጭነሽም እንዳትሰበሪ ነው።

ምግብን ከልክ በላይ መቀነስሽስ? እንጨት ያነሰው ምድጃ እሳቱ እንዳይጠፋ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል። ሰውነትም ለሳምንታት የሚበቃውን ካጣ እንዲሁ ያደርጋል። የምትውጪው ኪኒን ሊቮታይሮክሲን ይባላል፤ በውስጡ ያለውን ቲ ፎር የሚሉትን ቅመም ሰውነት ወደ ሚሠራበት ወደ ቲ ስሪ መለወጥ አለበት። ረኃብ ሲጸና ይህ ልወጣ ይቀንሳል፤ ጡንቻም ይመነምናል። እንግዲህ በሰላጣ ብቻ በከረምሽ ቁጥር የሚባሰው ብርዱ፣ ድካሙና የፀጉር መነቃቀሉ ነው፤ ሚዛኑ ግን እንዳሰብሽው አይወርድም። ብዙዎች ይህን ድካም የተጋድሎ ፍሬ አድርገው ይቀበሉታል። እኅቴ፣ ይህ ያልታከመ ሕመም ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በጾም ቀን ኪኒኑን ትተዪዋለሽ። ረቡዕና ዓርብን ብቻ ብትተዪ እንኳ ከ7 ቀን 2ቱ ማለትም ከታዘዘልሽ መድኃኒት ከሩብ በላይ ጎደለ ማለት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ተውሽው እንበል፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ በየ7 ቀኑ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ እስከ ትንሣኤ ከቀድሞው የሚቀርልሽ የለም። ከዚያ ምርመራ ትሄጃለሽ። ቲ ኤስ ኤች የሚሉት፣ የታይሮይድ ቅመም ሲያንስ ከፍ የሚለው የደም ምርመራ ውጤት ከፍ ብሎ ይገኛል። ሐኪሙ የተውሽውን አያውቅምና መጠኑ አንሷል ብሎ ይጨምርልሻል። በፍስኩ ወራት የተጨመረውን በየቀኑ ስትወስጂ ደግሞ ይበዛብሻል፤ ልብሽ ይመታል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ታጪያለሽ። ይህም «ኪኒኑ አልተስማማኝም» ወደ ማለት፣ እርሱም ጨርሶ ወደ መተው ያደርሳል። ብዙ ምእመናን በዚህ መንገድ ተጎድተዋል። መነሻው ከሐኪሙ የተደበቀ አንድ ቃል ነው፤ «በጾም አልወስድም» የሚለው።

ኪኒን ጾም ያፈርሳል ወይ? መድኃኒት መብል አይደለም፤ ሥጋንም አያስደስትም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛን ከጤነኛ ለይቶ ያያል። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ እግዚአብሔር ከምድር የፈጠረውንም መድኃኒት እንዳንንቅ ይመክራል። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ ብሎታል (1ጢሞ. 5፥23)፤ በሽታህ የእምነትህ ማነስ ነው አላለውም። ጠበል የሚጠመቁትንም ይህ ይመለከታቸዋል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ እንደማይቃረኑም በአደባባይ ተናግረዋል። «ጠበል ከጀመርሽ ኪኒኑን ጣይ» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚው።

በተግባር እንዲህ አድርጊ፤ የንስሐ አባትሽንና ሐኪምሽን ግን አስቀድመሽ አማክሪ። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውኃ፣ በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት ይወሰዳል፤ ከምግብና ከቡና በፊት 1 ሰዓት መቆየት ይገባል። የደም ማነስ ኪኒን፣ ካልሲየም ወይም የጨጓራ ማስታገሻ የምትወስጂ ከሆነ ቢያንስ 4 ሰዓት አራርቂያቸው፤ አብረው ከተዋጡ ታይሮይዱን ጠልፈው ያስቀሩታል። በጾም የምናዘወትራቸው የአኩሪ አተር ወተትና የተልባ ውኃም እንዲሁ ናቸውና ከኪኒኑ ይራቁ። ንጋት ላይ በውኃ መዋጡ ኅሊናሽን ከከበደው ሌላ መንገድ አለ፦ ማታ። ራትሽን ምሽት 1 ሰዓት ከበላሽ 4 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከመጨረሻው ጉርሻ 3 ሰዓት ቆይተሽ ስትተኚ ትወስጂዋለሽ። ኪኒኑን ምድጃ አጠገብ ወይም ቆርቆሮው በሚግልበት መደርደሪያ ላይ አታስቀምጪ፤ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያበላሹታል።

በምትቆርቢበት ቀን ደግሞ፣ በተለይ በፍልሰታ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ አትጨነቂ። ቆርበሽ፣ ጠበሉን ጠጥተሽ፣ ምግብ ከመቅመስሽ በፊት ኪኒኑን ውጪና 1 ሰዓት ታገሺ። ሆድሽ ከትናንት ጀምሮ ባዶ ስለሆነ መድኃኒቱ በደንብ ይሰርጋል። በደም ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይም የጥቂት ሰዓት መዘግየት አይጎዳሽም፤ የሚጎዳው መተው ነው። ሁለቱን ሱባዔ በየቀኑ የምታስቀድሺ ከሆነ በዚያው ሰዓት አጽኚው። አንድ ቀን ካመለጠሽ ሐኪም ሳያዝዝሽ ደርበሽ አትውጪ። ለመክሳት ብለሽ መጠኑን ከፍ ማድረግ፣ ወይም ከሌላ ሰው ተውሰሽ መጨመር ከቶ አይታሰብ፤ የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንትንም ያሳሳል። ካረገዝሽ ደግሞ ቀን ሳትቆጥሪ ለሐኪም ንገሪ፤ በእርግዝና የሚያስፈልገው መጠን ይጨምራልና።

ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ነው ብሎ ማሰብ ያሳስታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በዘይት የሚዋኝ ሽሮ፣ ሳምቡሳ፣ ጥብስ ድንች፣ በስኳር የወፈረ ሻይ፣ ለስላሳ፤ በ9 ሰዓት ተርቦ የተቀመጠ ሰው በእነዚህ የቀኑን ሁሉ ይመልሰዋል። ለአራት ሰው በሚሠራ ወጥ ውስጥ 3 ወይም 4 ማንኪያ ዘይት ይበቃል። እንጀራውን አትተዪው፤ አንዱን አድርጊውና ግማሹን የሳህን ክፍል በበሰለ ጎመን፣ በካሮት፣ በፎሶሊያ፣ በቀይ ሥር ሙይው፤ ምስር ወይም ባቄላ ወይም ሽሮም በየማዕዱ ይኑር፤ ጡንቻሽን የሚጠብቅልሽ እርሱ ነው። የጥሬ ጎመኑን ጭማቂ አቁሚ። ጥሬ ጎመን በብዛት ሲወሰድ ዕጢዋ አዮዲን እንዳትወስድ የሚከለክል ነገር አለው፤ ሲበስል አብዛኛው ስለሚጠፋ የጎመን ወጥ አያስፈራም። በጾም ወተትና እንቁላል ስለማይበሉ አዮዲን የምናገኘው በአብዛኛው ከጨው ነው፤ ስለዚህ አዮዲን ያለበትን የታሸገ ጨው ግዢ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሪው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሪው። ከዚህ አልፈሽ የአዮዲን ጠብታ በራስሽ አትጀምሪ፤ መብዛቱም ዕጢዋን ይጎዳል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሰልሽ መልካም ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለሽ ተራመጂ፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ በባጃጅ ፈንታ በእግርሽ ብትሄጂ ይገኛል።

በራስሽ ፈቃድ የጨመርሽውን የቅዳሜና የእሑድ ጾም ግን በግልጽ እነግርሻለሁ፦ ተዪው። ከቀዳም ሥዑር በቀር በእነዚህ ቀናት ከእህል ከውኃ ተከልክሎ መዋል ሥርዓታችን አይደለም። ከሥርዓቱ በላይ መጾም የሚሻ ሰውም የንስሐ አባቱን ሳያማክር አይጀምርም። ለመክሳት የታሰበን ረኃብ ጾም ብሎ መጥራት ደግሞ የእግዚአብሔርን ለሌላ ዓላማ ማዋል ነው። ክብደት ለመቀነስ ብትፈልጊ ኃጢአት የለበትም፤ ለጤናሽ ነውና በስሙ ጥሪው፣ በሐኪም ምክርም አድርጊው። ለእግዚአብሔር የምትሰጪው ጾም ግን ከኪሎ ጋር አይነካካ። በጾምሽ ሰዓት ሚዛን ላይ አትውጪ።

ለማኅበርተኞችሽም ቃል አለኝ፤ ይህን ያነባሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?» ይላል ሐዋርያው (ሮሜ 14፥4)። በጸበል ጸዲቁ ዙሪያ ተቀምጦ የእኅትን ገላ መመዘን ጾምን ያረክሳል። ከሥጋ የተከለከለ አፍ ከሰው ሥጋም ይከልከል። ቃላችሁ አንዲት ሕመምተኛ መድኃኒቷን እንድትጥል ሊያደርጋት ተቃርቦ ነበርና ይቅርታ ጠይቋት።

አንቺ በዚህ ሳምንት ሁለት ቦታ ሂጂ። ለሐኪምሽ በጾም ቀን ኪኒኑን ስትተዪ መቆየትሽን ሳትደብቂ ንገሪው፤ አሁን ያለው መጠን የታዘዘው በዚያ በተዛባ ውጤት ላይ ሊሆን ይችላልና። አንድም ቀን ሳታጓድዪ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከወሰድሽ በኋላ ቲ ኤስ ኤች ድጋሚ ይለካልሽ፤ ከዚያ በፊት የሚለካው እውነቱን አያሳይም። ወደ ንስሐ አባትሽም ሂጂና ሕመምሽን፣ የኪኒኑን ሰዓት፣ እስከ 9 ሰዓት ስትቆዪ ራስሽን የሚያዞርሽ ከሆነም እርሱን ንገሪያቸው። ሰዓቱን ቢያሳጥሩልሽ ወይም ስግደቱን ቢቀንሱልሽ ሳትከራከሪ ተቀበዪ። ፍልሰታ እስኪገባ ጊዜ አለሽ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።