የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሽምብራው ለምን እስክስታ አይወርድም?

ጥያቄ፦ በጥቁር ጨርቅ ላይ ሽምብራ እየደረደርኩ የጎጃም እስክስታ የሚወርድ ሰው ሠራሁ፤ ሽምብራውን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስኩ ፎቶ አነሳና ፎቶዎቹን በሴኮንድ 12 እያሳየሁ ፊልም አደርጋቸዋለሁ። ትከሻውን በእያንዳንዱ ፎቶ 1 ሳንቲ ሜትር አወጣለሁ፣ 2 ሲደርስ በዚያው ልክ አወርዳለሁ። ይንቀጠቀጣል እንጂ አይመታም። በደቂቃ 118 ምት ባለው ዘፈን ላይ ስገጥመው ደግሞ ሲጀምር ደህና ነው፣ ወደ መጨረሻው ዘፈኑን ይቀድመዋል። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ችግሩ ሁለት ነው። የእርስዎ ትከሻ ወጥቶ ለመመለስ 4 ፎቶ ይፈጃል፤ አንድ ምት ግን 6 ፎቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በአንዱ ምት ታች ከሆነ በሚቀጥለው ምት ከፍ ብሎ ይገኛል። ዙሩን 3 ፎቶ ያድርጉት፤ በአንድ ምት ሁለቴ ይመታል። እርምጃውንም እኩል አያድርጉ፦ መጀመሪያ ታች፣ ቀጥሎ 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ መሃል ላይ ሳያቆሙ በአንዴ ታች (ይህኛው የሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ፎቶ ነው)። ዓይን ኃይልን የሚያነበው ከርቀቱ ልዩነት ነው፤ እኩል እርምጃ ጉልበት የለውም። ላይኛውን ፎቶ አንድ ጊዜ ቢደግሙት ትከሻው ይከብዳል፤ ዙሩ ግን 4 ፎቶ ስለሚሆን ለዝግታው ክፍል ብቻ ያቆዩት። በሴኮንድ ከ6 ዙር በላይ ከፈለጉ 12 ፎቶ አይበቃም፣ ወደ 24 ይሂዱ።

የሚቀድመው ደግሞ ለምት ልክ 6 ፎቶ ስለሰጡት ነው። ያ የ120 ምት ፍጥነት ነው፤ በአንድ ደቂቃ ሁለት ምት ይቀድማል። በየ10 ምቱ አንድ ፎቶ ይጨምሩ። ከመተኮስዎ በፊት 10ኛው ምት በ61ኛው፣ 20ኛው በ122ኛው ፎቶ እንዲያልቅ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ጥርጣሬ ካለ ምስሉ ከድምፁ አንድ ፎቶ ይቅደም እንጂ አይዘግይ።

ሽምብራውንም አያብዙት። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በጨለማ ውስጥ በሚራመድ ሰው መገጣጠሚያዎች ላይ የታዩ ወደ አሥር የሚጠጉ የብርሃን ነጥቦች ሰው ሆነው ለመታየት በቅተዋል፤ ሲቆሙ ግን የተበተኑ ነጥቦች ብቻ ነበሩ። ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ወገብ፣ ጉልበት ላይ አንዳንድ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ማታ በመብራት ስተኩስ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የሞባይሉን ብርሃን፣ ፎከስና ቀለም ቆልፉት፤ አለበለዚያ በየፎቶው ራሱን ያስተካክላል። የመብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩን (ካሜራው ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ላይ ያድርጉት። ነጭ ልብስ ለብሰው አጠገቡ አይቁሙ፣ ብርሃን ይመልሳል።