ቺፑን አይወንጅሉ፤ ደረሰኙን ይመርምሩ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ላለ ሕንፃ የውሃ ቆጠራ መቆጣጠሪያ የሠሩ አንባቢ ጽፈውልናል። ፕሮግራሙ ኪውኤንኤክስ በተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ይሠራል፤ ቆጠራው 24ሲ256 በተባለ ኢኢፕሮም፣ ማለትም መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን በማይረሳ ቺፕ ይቀመጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አንዳንዴ የቆየ፣ አንዳንዴም ትርጉም የለሽ ቁጥር ይነበባል። በትእዛዝ አጥፍተው ሲያስነሡት ግን አንድም ቀን አልተሳሳተም።

ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለእኔ በቂ ናት። ቺፑ ተበላሽቶ ቢሆን በሁለቱም መንገድ ያስቸግርዎት ነበር። የምጠረጥረው ድራይቨሩን፣ ማለትም ፕሮግራምዎን ከቺፑ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ነው፤ ሳይጨርስ «ጨርሻለሁ» ይላል።

ሳጥኑን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት፦ ሶኬቱን መንቀል ብቻውን አይበቃም። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው በቴስተር ይለኩት።

ኪውኤንኤክስ ማይክሮከርነል (እምብርቱ ጥቂት ሥራ ብቻ የሚይዝ ሥርዓት) ስለሆነ ድራይቨሩ እንደማንኛውም ፕሮግራም ለብቻው ይሠራል። የእርስዎ ፕሮግራም መልእክት ይልክለታል፤ መልስ እስኪመጣለትም ቆሞ ይጠብቃል። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ መልስ ላይ ነው። የዕድር ገንዘብ ያዥ ብሩን ተቀብሎ፣ መዝገብ ላይ ሳያሰፍር ደረሰኝ ቢሰጥና በዚያው ቢታመም፣ ከፋዩ ደረሰኝ ይዞ ባለ ዕዳ ሆኖ ይገኛል። ቺፑም ባይቶቹን ከተረከበ በኋላ በውስጡ ለማስፈር እስከ 5 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ቢጠሩት አይመልስም። ስለዚህ ድራይቨሩ አድራሻውን ደጋግሞ ይጥራ፤ ደረሰኙን የሚሰጠው ቺፑ «አቤት» ሲል ብቻ ይሁን።

ይህ ግን መሃል ላይ የተቆረጠ ጽሑፍን አያድንም። ቆጠራውን በሁለት ቦታ እያፈራረቁ ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ተራ ቁጥርና ማረጋገጫ ድምር (ጽሑፉ ሳይበላሽ መቀመጡን የሚያሳይ ከጽሑፉ የተሰላ ቁጥር) ይኑረው። መሣሪያው ሲነሣ ድምራቸው ከሚገጥመው መካከል ትልቁን ተራ ቁጥር ይምረጥ። ሁለቱን በተለያዩ ባለ 64 ባይት ገጾች (የቺፑ ማስታወሻ በተከፈለባቸው ክፍሎች) ያስቀምጡ። ከገጹ ያለፈ ጽሑፍ ዞሮ የዚያኑ ገጽ መጀመሪያ ይደመስሳልና።

እንዲያይልዎ ያመጡት ጠጋኝ ያደረገው እጅግ አናዶኛል። «እንዳይጠፋ» ብሎ በየሰከንዱ አንድ ቦታ ላይ እንዲጻፍ አድርጎታል! በቀን 86,400 ጊዜ ማለት ነው፤ ደህና አምራች የሚተማመንበት 1 ሚሊዮን ጽሑፍ 12 ቀን ሳይሞላ ያልቃል። ስሙ ተፍቆ እንደገና የታተመበት ርካሽ ቺፕማ እዚያም መድረሱን እጠራጠራለሁ። መቀየር ካለብዎ ኤፍራም የተባለውን ሌላ ዓይነት የማይረሳ ቺፕ ይግዙ፤ 5 ሚሊሰከንድ አያስጠብቅም፣ በየሰከንዱ ቢጻፍበትም ይችላል። ሁለቱን ቦታዎች ግን ያኔም አይተዉ።

ሲጨርሱ በጽሑፍ መሃል ሶኬቱን 50 ጊዜ ያህል እየነቀሉ ቁጥሩን ያመሳክሩ። በመካከሉ ቦርዱን መንካት ካስፈለገዎት፣ ከመንካትዎ በፊት ካፓሲተሩን እንደገና ይለኩ።