ከሞዴሉ ውስጥ 13 ዲግሪ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሰበታ ላለ አንድ ወርክሾፕ የበርበሬ ማድረቂያ ሳጥን በፋይናይት ኤለመንት (ቦታውን በትናንሽ ቁርጥራጮች፣ ማለትም በኤለመንቶች፣ ከፍሎ በሚያሰላ ዘዴ) እያሰላሁ ነው። በ5 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ትሪዎች መካከል 60 ዲግሪ የሞቀ አየር በሰከንድ 0.2 ሜትር ያልፋል። ትሪዎቹን ሙቀታቸው እንዳይለወጥ 20 ዲግሪ ላይ አስሬያቸዋለሁ። ኤለመንቶቹ 5 ሚሊ ሜትር ናቸው። ውጤቱ ግን አንዳንድ ቦታ 13፣ አንዳንድ ቦታ 66 ዲግሪ ያሳያል። ሜሹን (የኤለመንቶቹን መረብ) ላጥብበው?

መልስ፦ ሞዴልዎ ውስጥ ከ20 የሚቀዘቅዝም ሆነ ከ60 የሚሞቅ ነገር ስለሌለ ሁለቱም ቁጥሮች የስሌቱ እንጂ የአየሩ አይደሉም። ተራው የፋይናይት ኤለመንት ስሌት፣ የጋለርኪን አሠራር የሚባለው፣ አንድን ኖድ (የኤለመንቶች መገናኛ ነጥብ) ሲያሰላ ነፋሱ የመጣበትንና የሚሄድበትን ጎረቤት እኩል ያያል። ፍሰቱ ከበረታ ግን ወሳኙ የመጣበት ነው፤ ሙቀቱ በድንገት በሚለወጥበት ቦታ መልሱ መዋዠቅ ይጀምራል።

ይህን የሚለካው የኤለመንት ፔክሌት ቁጥር ነው፦ ፍጥነት በኤለመንት ርዝመት ተባዝቶ፣ ለዲፊዩሲቪቲ (ሙቀት በአየሩ ውስጥ በራሱ የሚሰራጭበት መጠን) እጥፍ ይካፈላል። በሰበታ ከፍታ 60 ዲግሪ የሞቀ አየር ዲፊዩሲቪቲ በሰከንድ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ በሚሊ ሜትር 200 ሲባዛ በ5፣ ሲካፈል ለ70፣ 14 ይሆናል። ከ1 ባይበልጥ ይመረጥ ነበር። በማጥበብ ብቻ እንወጣዋለን ካሉ 0.35 ሚሊ ሜትር ኤለመንት ያስፈልጋል፤ 1 ሜትር ርዝመትና ግማሽ ሜትር ስፋት ላለው አንድ ክፍተት ብቻ ወደ 580 ሚሊዮን ኤለመንት ማለት ነው። አይሞክሩት።

መጀመሪያ መውጫውን ይዩ። እዚያ ሙቀት አስረው ከሆነ ይፍቱት፤ አየሩ እንደ ሞቀ ይውጣ። ቀጥሎ ብሩክስና ሂዩዝ በ1982 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን ኤስ.ዩ.ፒ.ጂ. የተባለ መዋዠቅን የሚያረጋጋ ዘዴ ያብሩ፤ ማረጋጊያውን የሚጨምረው በፍሰቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። ትሪው አጠገብ ግን ሜሹ መጥበብ አለበት፦ የመጀመሪያው ድርብ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ እያንዳንዱ ተከታይ 1.2 እጥፍ፤ አሥር ድርብ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ኮንዳክቲቪቲውን (የአየሩን ሙቀት አስተላላፊነት) ከእውነተኛው በላይ ከፍ አድርጎ መዋዠቁን ማጥፋትም ይቻላል፤ ሥዕሉ ያምራል፣ በርበሬው ግን በሥዕል አይደርቅም።

ስበትንም አይርሱ። በዚህ ቀርፋፋ ፍጥነትና በ40 ዲግሪ ልዩነት ሞቃቱ አየር ወደ ላይኛው ትሪ ይሸሻል።

የአየሩን እፍጋት ሶፍትዌሩ በሰጠዎት 1.2 ትተውት ከሆነም ይቀይሩት። ሰበታ ላይ የአየር ግፊቱ 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ስለሆነ፣ በ60 ዲግሪ እፍጋቱ 0.81 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው። አየሩን ከ20 ወደ 60 ለማድረስ ለአንዱ ክፍተት በ1.2 እፍጋት 240 ዋት ያስፈልጋል የሚለው ስሌት ወደ 162 ይወርዳል።