የአያቴን ዱካ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው ያደግኩት። የእናቴ አባት ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር ይባላል፣ እኔ ግን አልደረስኩባቸውም። እጄ ላይ ያለው አንድ ፎቶና የክርስትና ስማቸው ብቻ ነው። ወንድም እህቶቻቸውን እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ፎቶውን ገልብጪው። ቀልዴን አይደለም፤ የድሮ ፎቶ ጀርባ ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ወይ በእርሳስ የተጻፈ ቀን ሊኖር ይችላል። ከዚያ የሰፈሩን አዛውንቶች ቶሎ ያዢ፣ ወረቀቱ ይቆይሻል፣ እነሱ ላይቆዩ ይችላሉ። የክርስትና ስማቸውን ይዘሽ አጥቢያቸውን ጠይቂ፣ የእድሩን መዝገብም አትርሺ።

ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ የኩባንያው የጽሕፈት ሥራም በፈረንሳይኛ ነበር። ስለዚህ የሠራተኛ ወረቀት ካገኘሽ ኃይሉ የሚለው ስም አንዴ በኤች፣ አንዴ ያለ ኤች ተጽፎ ብታዪ አትደንግጪ። ቀኑም በፈረንጆች ነው፤ ከመስከረም መግቢያ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ (እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ) 7፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 8 ዓመት ቀንሺ። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ወንድማማቾችን የሚያገናኛቸው የአባታቸው ስም ነውና እሱን ከእናትሽ ሳትሰሚ አትውጪ።

እኔ የራሴን አያት ስፈልግ ሁለት ወር በመዝገብ ስማቸው ስደክም ከረምኩ። ለካ ሰፈሩ የሚያውቃቸው በቅጽል ስም ነው! እስቲ እሱንም ጠይቂ።