ጠበቃ ወይስ ፎርም ሞይ? አሳይለም ልትጠይቅ ላሰበችው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አሜሪካ ከገባሽ ስምንት ወር ሆኖሻል። ዘመድ ያገናኘሽ ሰውዬ በ800 ዶላር ታሪክሽን ጽፎ፣ ፎርም ሞልቶ የአሳይለም፣ ማለትም የጥገኝነት፣ ማመልከቻሽን እንደሚያስገባልሽ ነግሮሻል። አንዲት ጠበቃ ደግሞ 6,000 ጠይቃሻለች። «የቱ ይሻለኛል? ጥሩ ሐበሻ ጠበቃ ካለም ጠቁሙኝ» ብለሻል። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህም ብዙ ሰው አጅቤ ጠበቃ ቢሮ ሄጃለሁ። ያየሁትን ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ጊዜሽን እወቂ። አሳይለም የሚጠየቀው ለመጨረሻ ጊዜ አሜሪካ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላም የሚፈቀድባቸው ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ አንቺ ግን በእነሱ ተስፋ አድርገሽ እንዳትቀመጪ። አራት ወር ብዙ ይመስላል። ማስረጃ ከአገር ቤት እስኪመጣና እስኪተረጎም ግን ሳታስቢው ያልቃል።

ወደ ሰውዬው ልምጣ። የአሳይለም ፎርሙ፣ አይ-589 የሚባለው፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ የሞላልሽ ሰው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ የሚፈርምበት ቦታ አለው። «እዚያ ላይ ትፈርማለህ ወይ?» በይው። እኔ ከማውቃቸው ፎርም ሞዮች አንድም ሲፈርም አላየሁም። ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ወረቀቱ በአንቺ ፊርማ ብቻ ይገባል። አንዳንዱ ጭራሽ በአንቺ አድራሻ ቦታ የራሱን ይሞላል። ከዚያ የቀጠሮ ደብዳቤው እሱ ቤት ይደርስና አንቺ ሳትሰሚ ቀኑ ያልፋል። ጉዳይሽ ኮርት ደርሶ ከሆነ ደግሞ፣ አለመቅረብ ማለት በሌለሽበት የመባረር ውሳኔ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ «ይሄኛው ታሪክ ያልፋል» እያሉ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያስይዙት ናቸው። እያወቁ በዋናው ጉዳይ ላይ የፈጠራ ታሪክ ማስገባት ተደርሶበት ከተወሰነ፣ ለዘለቄታው ከኢሚግሬሽን ጥቅሞች ያሳግዳል። በኋላ ዜጋ ብታገቢ እንኳን በር ይዘጋብሻል። የራሷ እውነተኛ ታሪክ ያላት ልጅ በተገለበጠ ወረቀት መንገዷ ሲዘጋ ከማየት የበለጠ የሚያሳዝን ምን አለ?

አሁን ስለ ሐበሻ ጠበቃ። ጎበዝ የሐበሻ ጠበቆች አሉ፣ በራስ ቋንቋ ማውራትም ትልቅ ነገር ነው። ግን መምረጫሽ እሱ አይሁን። በኢንተርቪው ቀን እንኳን ጠበቃሽ አስተርጓሚሽ መሆን አይችልም፤ ደንቡ አይፈቅድም። አሳይለም ቢሮ ስትቀርቢ አስተርጓሚ ይዘሽ የምትሄጂው አንቺ ነሽ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ጠበቃው ምን ይጠይቅሻል?

አንድ ዘመዴን ይዤ አንዲት የፈረንጅ ጠበቃ ዘንድ ሄጄ ነበር። ፎርም ሞይ የጻፈለትን ታሪክ ይዞ ነው የመጣው። ጎንደር ላይ ሰልፍ ወጥቶ እንደታሰረ ይናገራል። ጠበቃዋ ዋጋ ሳትነሣ፣ ተስፋም ሳትሰጥ ወረቀቱን አነበበች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አንድ ቀን ላይ አሳረፈችና «ይሄ ሰልፍ በ2015 ነበር እንዴ?» አለች። ሰልፉ ሐምሌ 24 ቀን 2008 ነው። በፈረንጅ ጁላይ 31፣ 2016። የጻፈለት ሰው በእኛ ዓመት ላይ ስምንት መደመር ሲገባው ሰባት ደምሮ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰባት ነው የሚደመረው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። እሷ አማርኛ አንዲት ቃል አትችልም። ግን ስለ አገራችን ሪፖርቶችን ታነባለች። ያ ቀን እንዳለ ቢገባ ኖሮ ኢንተርቪው የሚያደርገው ኦፊሰር «ያልነበረ ሰልፍ ላይ ነው የታሰርከው» ማለቱ አይቀርም ነበር። ከዚያ ስሙን ፓስፖርቱ ላይ፣ የዋስትና ወረቀቱ ላይ፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ እንዴት እንደተጻፈ አንድ በአንድ አስተያየች። ኢንተርቪው ላይ የሚያስጨንቀውን ጥያቄ ሁሉ ቀድማ ጠየቀችው። ልጁ ደክሞት ወጣ። እኔ ግን በጣም ደስ አለኝ።

«አታስቢ፣ መቶ በመቶ ያልፋል» የሚልሽን ጠበቃ ተይው፣ ፈቃድ ቢኖረውም። ውጤት ቃል የሚገባ ሐቀኛ ጠበቃ የለም።

ፈቃድ ማጣራት ቀላል ነው። ስሙን የተመዘገበበት ስቴት የጠበቆች ዝርዝር ላይ ፈልጊ። የኢሚግሬሽን ሕግ ፌዴራል ስለሆነ የቨርጂኒያም የካሊፎርኒያም ፈቃድ ሜሪላንድ ላለሽው ለአንቺ ይሠራል። የተቀጡ ጠበቆችን ዝርዝርም የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ያወጣል። ጉዳይሽን ሲይዝ ጂ-28 የሚባለውን ውክልና መፈረም አለበት። ካልፈረመ ለመንግሥት ጠበቃሽ አይደለም።

ስለ 6,000ው፦ በአንዴ ክፈይ ካሉሽ በየወሩ ይሁንልኝ በይ፣ ብዙዎቹ ይስማማሉ። ውሉን ግን በደንብ አንብቢ። ጠበቃዋ ኢንተርቪው አብራሽ ትገባለች? ጉዳዩ ኮርት ቢሄድ ሌላ ክፍያ ነው? በየወረቀቱ ኮፒ ይሰጡሻል? በቃል የተባለው ሁሉ ውሉ ላይ ይግባ።

አቅሙ ከሌለሽም ወደ ሰውዬው አትመለሺ። እንደ ካቶሊክ ቻሪቲስ ያሉ ድርጅቶች በትንሽ ክፍያ ወይም በነፃ ይሠራሉ። እዚያ ጠበቃ ያልሆኑ ግን ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ያላቸው ተወካዮችም አሉ፣ እነሱ ሕጋዊ ናቸው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ዛሬውኑ ደውዪ።

ጠበቃዋ ጋ ስትሄጂ ፓስፖርትሽን፣ የገባሽበትን ቀን የሚያሳየውን አይ-94ሽንና ያለሽን ማስረጃ ሁሉ ያዢ። ታሪክሽን በራስሽ እጅ፣ በአማርኛ፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፈሽ ሂጂ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አብሬሽ እመጣለሁ።