አያቴ የቃኘው ዘማች ነበሩ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የእናቴ አባት የክብር ዘበኛ አሥር አለቃ ሆነው ኮሪያ ዘምተው እንደ ነበር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌአለሁ። እርሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል። አምና ሴት አያቴም ሲያርፉ፣ ከአልጋቸው ሥር የነበረውን የቆርቆሮ ሳጥን ከፍተን ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለው ሜዳይና በበረዶ መካከል የተነሡትን አንድ ፎቶግራፍ አገኘን። በፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ የተጻፈውን ማንበብ አልቻልንም። በሥራ ምክንያት ደቡብ ኮሪያ ደርሶ የተመለሰ ጎረቤታችን ደግሞ ቹንቾን በምትባል ከተማ ለኢትዮጵያውያን የቆመውን መታሰቢያ አይቶ ሲነግረን፣ ደስታውን ኀፍረት ቀደመው። እነርሱ ሲያስታውሱ እኛ እንዴት ረሳን? ለአያቴስ መታሰቢያ አሁን ምን ላድርግ?
*የዘማቹ የልጅ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ከሜዳዩ እንጀምር። የገለጹልን ጥብጣብ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለኮሪያ ዘማቾች ከሰጠው ሜዳይ ጋር ይስማማል። ሜዳዩ ጦር ባዋጡት አገሮች ቋንቋዎች የተቀረጸ ስለሆነ፣ ገልብጠው ሲያዩት ጽሑፉን በአማርኛ ሊያገኙት ይችላሉ። እባክዎ በአመድና በሎሚ አይፈትጉት፤ የጠቆረው መልኩ የዕድሜው ምልክት ከመሆኑም በላይ ፍትጊያው ፊደሉን ይበላዋል። ፎቶግራፉን በሚመለከት፣ በእርሳስ የተጻፈ ጽሕፈት ቢደበዝዝም እርሳሱ ወረቀቱን የተጫነበት ጎድጎድ ያለ መሥመር ይቀራል። ማለዳ በመስኮት በኩል ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት አድርገው ወረቀቱን ቀስ እያሉ ቢያዘነብሉት፣ ፊት ለፊት የማይታየው ቃል ሊነበብ ይችላል። በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ደግመው እንዳይጽፉበት አደራ።

አሁን ወደ ታሪኩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው አቤት ብለው ሰሚ አጥተው ነበርና፣ ኮሪያ በተወረረች ጊዜ በጋራ የመጠበቅ መርሕ በቃል ብቻ እንዳይቀር ከክብር ዘበኛ የተመረጠ ጦር ለመላክ ወሰኑ። ጦሩም በአባታቸው በራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ፣ ሚያዝያ 28 ቀን፣ ማለትም አሥረኛው የድል በዓል በተከበረ ማግስት፣ ቡሳን ወደብ ደረሰ። የደጋው ልጅ ለብርድ እንግዳ ባይሆንም እንደ ኮሪያ ክረምት ያለ ውርጭ ግን አያውቅም ነበርና፣ በፎቶግራፉ ላይ የሚያዩት በረዶ ራሱን የቻለ ጠላት ነበር። ሻለቃው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ ተዋጋ፤ ሻለቆቹም በየተራ ተተካኩ። ከ120 በላይ ዘማቾች ወደቁ፣ 536 ቆሰሉ፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ከወደቁት መካከል ዛሬ ቡሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ያረፈ ኢትዮጵያዊ የለም፤ አስከሬናቸው ወደ አገሩ ተመልሷል። ሁልጊዜ የሚነገረው ጀግንነታቸው ነው እንጂ፣ በዶንግዱቾን ለጦርነቱ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ማቋቋማቸው እምብዛም አይወሳም። ለእኔ ከሜዳዩ እኩል የሚመዝን ሥራ ነው።

«እንዴት ረሳን» ለሚለው ጥያቄዎ፣ ሕዝባችን ውለታ ቢስ ነው የሚለውን መልስ አልቀበለውም። የቃኘው ዘማቾች የተረሱት የአገሪቱ ፖለቲካ በላያቸው ላይ ስለ ተገላበጠ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር ክብር ዘበኛ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሲነሣ፣ በሙከራው እጁ የሌለበት ወታደር ሳይቀር በጥርጣሬ ዓይን ታየ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው መንግሥት ደግሞ ወዳጅነቱን ከሰሜን ኮሪያ ጋር አደረገ። ነገሩ ምን ያህል እንደ ተገላበጠ ለማየት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመውን የትግላችን ሐውልት መመልከት ይበቃል፤ በ1977 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሐውልት የተሠራው በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነው። ከሰሜን ኮሪያ ጦር ጋር ተዋግቶ የተመለሰ የሃምሳ ዓመት ጎልማሳ በቸርችል ጎዳና ሲያልፍ ያንን ሐውልት እያየ፣ የራሱን ሜዳይ ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ኖሯል። ሴት አያትዎ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ያስቀመጡት እንዲሁ ለዕቃ መደርደሪያ አጥተው አይመስለኝም።

የኮሪያውያን ማስታወስም ቢሆን ከደግነት ብቻ የመጣ አይደለም። የአርበኞችንና የዘማቾችን ጉዳይ የሚከታተል ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አላቸው፤ በፈረንጆች ሰኔ 6 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በመላ አገሪቱ ሳይረን ይነፋና ሰው ሁሉ ለአንድ ደቂቃ ባለበት ይቆማል። የቹንቾኑ መታሰቢያ በ1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመረቀ፤ በአጠገቡ «ኢትዮጵያ ቤት» የተባለ ቡና ቤት ተከፈተ፤ ብዙ ዘመን ቆይቶም ጣሪያው በአገራችን ጎጆ አምሳል የተሠራ የመታሰቢያ አዳራሽ ተጨመረበት። ሐውልቱን ያቆመው የአንድ ቀን ስሜት ቢሆን እንኳ፣ ሣሩን የሚያጭደው በየዓመቱ የሚመደብ በጀት ነው።

እርስዎ ከዚህ የጀመሩ እንደ ሆነ፦ ሜዳዩን፣ ፎቶግራፉንና አያትዎ የተዉት የወታደር መታወቂያ ወይም የደመወዝ ደብተር ካለ እርሱንም ይዘው አፍንጮ በር ባለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፓርክ ወደሚገኘው የዘማቾች ማኅበር ይሂዱ። ስማቸውን ከነአባትና ከነአያት ስም፣ የወታደር ቁጥራቸውን፣ በስንተኛው ቃኘው እንደ ዘመቱ ያስመዝግቡ። የኮሪያ መንግሥት ለዘማች ቤተሰቦች የሚሰጠውን የትምህርት ዕድል የሚመለከት ጥያቄ ካለዎትም መነሻው ይኸው ምዝገባ ነው። በ1943 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠናዎቹን አጋምሷልና፣ አያትዎን በመልክ የሚያውቅ ጓድ በሕይወት ቢገኝ ፎቶግራፉን እርሱ ዘንድ ይዞ መሄድ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ የወረዳ ከተማ መምህር ነኝ። ከአደባባዩ ዳር በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዘመን የተሰዉ አርበኞች ስም የተቀረጸበት የድንጋይ ሐውልት አለ። አጥሩ ተነቅሏል፤ ፍየል ይወጣበታል፤ የስብሰባ ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፤ ስሞቹም እየጠፉ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ድንጋዩን አጥበን ዘይት ቀለም ልንቀባው አስበናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ማዋጣታችሁ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ ቀለሙን ግን ተዉት። ድንጋይ እርጥበት ከመሬት ይስባል፤ ዘይት ቀለም ሲለበስ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ከውስጥ ሆኖ የድንጋዩን ገጽ ልጦ ይጥለዋል፤ ፊደሉም አብሮት ይወድቃል። የሽቦ ብሩሽና በረኪናም ያው ናቸው። ከሁሉም በላይ ሐውልቱ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ወይም ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ የጥገና ሥራ ያለ ፈቃድ ስለማይደረግበት አስቀድማችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ የማመልከቻውንም ግልባጭ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ። ፈቃዱ እስኪመጣ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። አጥሩን ለማስጠገንና ማስታወቂያ እንዳይለጠፍበት ለማድረግ ቀበሌውን አነጋግሩ።

አንድ ማለዳ ፀሐይ ዝቅ ብላ ጨረሯ በጽሑፉ ላይ አግድም በምታልፍበት ሰዓት ተማሪዎችዎን ይዘው ይሂዱ። ከሰዓታት በኋላ ባዶ ድንጋይ የሚመስለው ገጽ በዚያች ሰዓት በእያንዳንዱ ፊደል ጎድጓዳ ውስጥ ጥላ ይይዛል። አንዱ ተማሪ ፊደሉን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ይጻፍ፣ ሦስተኛው ፎቶግራፍ ያንሣ። «ወ» ይሁን «ዐ» መለየት የሚያቅትበት ስም ሲገኝ በግምት ከመሙላት ይልቅ ባዶ ቦታ ይተዉለት። ከዚያም ዝርዝሩን ይዘው በደብሩ የሙታን ስም መዝገብ ካለ ከእርሱ ጋር ያስተያዩ፤ የከተማውን አረጋውያንም ይጠይቁ። «ይህማ የእገሌ ታላቅ ወንድም ነው» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ሐውልቱ ነገ ቢፈርስ እንኳ ያ ደብተር በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይኖራል። የመታሰቢያ ቀን ካስፈለጋችሁ ሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል ስለሆነ ሌላ አትፈልጉ፤ ንግግሩን አሳጥራችሁ ስሞቹን በሙሉ አንብቡ።

ጥያቄ፦ በደርግ ዘመን ለተሠራ የጦርነት ሐውልት አበባ ማስቀመጥ ያንን ሥርዓት ማወደስ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም ባይ ነኝ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ የእናት አገር ጥሪ ተብሎ የዘመተው፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ጥቂት ሰልጥኖ ወደ ግንባር የተላከው ገበሬ፣ ሥርዓቱን የመረጠ ሰው አልነበረም። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ከኩባውያን ጋር ሆኖ ወራሪውን የመለሰው እርሱ ነው። በሐውልቱ አናት ላይ ያለውን ኮከብ መውቀስ ለሚሻ ሰው በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ከሥሩ የተሰዉት ሰዎች ግን ከኮከቡ ጋር መቆጠር የለባቸውም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የቀድሞው ጦር ሲበተን ይህ ልዩነት ስላልተደረገ፣ ካራማራ የቆሰለ ወታደር ክራንቹን ተመርኩዞ በየመስቀለኛ መንገዱ እጁን ሲዘረጋ አይተናል። አበባውን ያስቀምጡ፤ በሠፈርዎ እንዲህ ያለ ዘማች ካለ ደግሞ ከአበባው በፊት እርሱ ዘንድ ቡና ጠጥተው የት ግንባር እንደ ነበረ ይጠይቁት።