መጀመሪያ ትንፋሹን፣ መልኩ ይደርሳል

ፊቱን በጥይት ስለተመታ ሰው አያያዝ ይህን የምጽፈው ገና ለምትጀምሩት ነው። ወረዳ ሆስፒታል ተመድባችሁ ሌሊቱን ብቻችሁን ለምታድሩ ጠቅላላ ሐኪሞች (ጂፒዎች)፣ ለኢንተርኖች፣ ለጤና መኮንኖች፣ እንዲሁም "ማክሲሎፌሻል (የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና) ልግባ ወይስ ይቅርብኝ" እያላችሁ ለምታመነቱ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች። ጡረታ ወጥቻለሁ። ጊዜ አለኝ፣ አለቃ የለኝም፣ ስለዚህ እንደመጣልኝ ልጻፍ።

ፊቱን ወይም መንጋጋውን በጥይት የተመታ ሰው ሲገባ ኢመርጀንሲው ይረበሻል። ሁሉም ቁስሉ ላይ ያፈጣል። አስታማሚ "አለቀለት!" ብሎ ይጮሃል፣ ተማሪው ወደ ኋላ ይላል፣ አንዱ ደግሞ ስልኩን ያወጣል (እሱን አስወጡልኝ፣ አደራ)። ልጆቼ፣ ይህ ቁስል የሚያስፈራውን ያህል ገዳይ አይደለም። ጥይቱ አንጎልን ወይም የአንገትን ትልልቅ የደም ስሮች ካልነካ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰውየውን የሚገድለው የትንፋሽ መዘጋት ነው፤ ቀጥሎ ደም መፍሰስ። አጥንቱ ይቆያል። ቆዳው ይቆያል። መልኩማ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይጠብቃችኋል። ወጣት ሐኪም ግን ነገሩን ይገለብጠዋል፤ መፍጠን ያለበት ቦታ ፈዞ ይቆማል፣ መታገስ ያለበት ቦታ ይጣደፋል።

ከፍጥነቱ እንጀምር። ምላስ ከፊት በኩል የተያያዘው ከታችኛው መንጋጋ ውስጠኛ ክፍል ጋር ነው፣ አገጭ አካባቢ። ጥይት አገጩን ሲሰባብረው ምላስ ካስማው እንደተነቀለ ድንኳን ይሆናል። ሰውየውን በጀርባው ስታስተኙት ምላሱ ወደ ጉሮሮው ይወድቃል፣ ደሙና የጥርሱ ስብርባሪም ተከትሎ ይገባል። እኛ ደግሞ የለመደብንን እናውቃለን፤ ቁስለኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምንለው "ተኛ!" ነው። ሰውየው እምቢ ይላል፣ ይታገላል፣ "ረብሻ አበዛ" ብለው ሦስት ሰዎች ደረቱን ይጫኑታል። ረብሻ አይደለም። አየር አጥቶ ነው። ራሱን የሚያውቅ ከሆነ ቁጭ አድርጉት፣ ወደ ፊት ያዘንብል፣ ደሙና ምራቁ ወደ ሳፋው ይውረድ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አድርጉት፣ አንገቱንም እንዳይንቀሳቀስ ያዙለት። ሳክሽን (ደምና ምራቅ መምጠጫ) አምጡ፤ በእጅ የሚወጣውን ጥርስና አጥንት በእጅ አውጡ። ምላሱ አሁንም ወደ ኋላ ከሄደ በወፍራም ሐር ክር መሀሉን ወግታችሁ ወደ ፊት ሳቡት። ለማየት ይከብዳል፣ ግን ሰው ያድናል።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዊልያም ኬልሲ ፍራይ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፣ ጥርስ ሕክምናም የተማረ። ፊቱን የተመታ ወታደርን አንገቱን ወደ ፊት አስደፍቶ በእግሩ እያራመደ ወደ እርዳታ ጣቢያ አደረሰው። አስረክቦት ጥቂት እንደሄደ ሰውየው መሞቱን ሰማ። ቃሬዛ ላይ በጀርባው አስተኝተውት ነው። ፍራይ ይህን በሕይወቱ ሙሉ ሲያስተምረው ኖረ። መቶ ዓመት አለፈ፣ እኛ ጋ ዛሬም አምቡላንስ ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው የሚመጡ አሉ።

የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ካስፈለገ አንስቴቲስቱን (የማደንዘዣ ባለሙያውን) አታዋክቡት። ሁሉም ነገር እስኪዘጋጅ ሰውየው ቁጭ እንዳለ ይቆይ፣ ራሱ እየተነፈሰ። ቱቦው አልገባ ቢል አንገት ላይ የሚቀደድበት ቦታ ታጥቦ፣ ምላጩ ተዘጋጅቶ፣ የሚቀድደው ሰው ጓንት አድርጎ ይቁም። ከዚያ በኋላ ነው መድኃኒት የሚሰጠው። "ካልሆነ እናያለን" ብሎ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት መስጠት ቁማር ነው።

ደሙ ሲበዛ ተጫኑት፣ በጎዝ (በቁስል ጨርቅ) ጠቅጥቁት። ከአፍንጫ ኋላ የሚፈስ ከሆነ የምታውቁት የሽንት ካቴተር፣ ፎሊ፣ በአፍንጫ ገብቶ ፊኛው ተነፍቶ ብዙ ሰው አትርፏል። ያላያችሁትን የደም ስር በመቆንጠጫ ለመያዝ ግን አትሞክሩ፤ እዚያ ሰፈር የፊት ነርቭ አለ።

ትንፋሹ ከተያዘና ደሙ ከቆመ በኋላ ዘገም በሉ። ከዚህ በኋላ ችኮላ ነው የሚጎዳው።

ሰውየው ሳይደነዝዝ እዩት። ዓይኑ በእብጠት ሳይከደን ክፈቱና "ስንት ጣት ነው?" በሉት፣ ነገ መክፈት ያቅታችኋል። ቅንድብህን አንሳ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ጥርስህን አሳየኝ በሉት፤ የፊት ነርቭ መቆረጡ የሚታወቀው አሁን ነው፣ ከኦፕሬሽን በኋላ ካወቃችሁት ግን ጥይቱ ይቁረጠው እናንተ ማን ይመሰክራል? ልብሱን አውልቃችሁ የጥይቱን መውጫ ፈልጉ። ከዚያ ጥርስ ቁጠሩ። በቁም ነገር ነው የምላችሁ፣ አንድ በአንድ። የጎደለው ጥርስ ቁስሉ ውስጥ ከሌለ፣ ልብሱ ላይ ከሌለ፣ የደረት ኤክስሬይ ይነሳ፤ ሳንባ ውስጥ ተቀምጦ የምታገኙት ጊዜ አለ።

ቤተሰብ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ "ጥይቱ ወጣ?" ፖሊሱም ይኸንኑ ይጠይቃል። በሕዝባችን ዘንድ ጥይቱ ካልወጣ ሰውየው አልዳነም። ታግሳችሁ አስረዱ። ጡንቻ ውስጥ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ እርሳስ ሊቀመጥ ይችላል፤ እሱን ፍለጋ መቆፈሩ ከጥይቱ የባሰ ያበላሻል። መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ፣ ዓይን ወይም ትልቅ ደም ስር ከተጠጋ ግን ሌላ ነው። ካወጣችሁት ደግሞ ባለጥርስ መቆንጠጫ አትጠቀሙ፣ ጭረቱ ማስረጃ ነውና፤ መዝግባችሁ ለፖሊስ አስረክቡ።

ስለ ጥይቱ ራሱ ትንሽ ልበል። ክላሽ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይበራል፤ ሽጉጥ ባብዛኛው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። የጉልበቱ መጠን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው በሠርግና በጥምቀት የሚተኮሰው "የደስታ ጥይት" የሚያናድደኝ። መግቢያው ትንሽ ቀዳዳ ይሆንና ውስጡ ሌላ ታሪክ ነው፤ የተሰባበረው አጥንትና ጥርስ ራሱ ጥይት ሆኖ ይረጫል፣ ዙሪያው ያለው ሥጋም ተለጥጦ ይቀጠቀጣል። ዛሬ ደህና የሚመስል ሥጋ ከነገ ወዲያ ይጠቁራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሌሊት አሳምሬ ልዝጋ የሚለው ነገር አይሠራም። እጠቡ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ መልሳችሁ ክፈቱና እዩ።

እጠቡ ስል ደግሞ ለወጉ አይደለም። በሊትር የሚቆጠር ሳላይን ነው። አፈርና ባሩድ ቆዳ ውስጥ ከቀረ ንቅሳት ይሆናል፣ ኋላ አይወጣም፤ በብሩሽ አሹት። ግን የምትቆርጡትን ቆጥቡ። ጭን ላይ የተማራችሁትን ፊት ላይ አታምጡ። የፊት ደም ዝውውር ለጋስ ነው፤ በአንዲት ጠባብ ቆዳ የተንጠለጠለ ከንፈር ይድናል፣ ሽፋኑ ያልተለየው ስባሪ አጥንትም ይይዛል። የሞተውንና ሙሉ በሙሉ የተላቀቀውን ብቻ አውጡ። መጀመሪያ የአፉን ውስጠኛ ክፍል ስፉ፣ ምራቅ ወደ አጥንቱ እንዳይወርድ። ሥጋ ከጎደለ ጎትታችሁ አታገናኙ። የውጩን ቆዳ ከውስጡ ስስ ሽፋን ጋር ስፉትና ጉድለቱን እንደ ጉድለት ተዉት።

ይህን ለማመን የሚቸግራችሁ አላችሁ፤ ባዶ ቦታ ትቶ መውጣት ያሳፍራል። የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ቀዶ ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን አጠገብ ሲድከፕ በተከፈተው ሆስፒታል ከ5,000 በላይ ቁስለኞች ታከሙ፣ ከ11,000 በላይ ኦፕሬሽን ተሠራ። ብዙዎቹ ከግንባር የመጡት ተጎትቶ በተሰፋ ፊት ነበር፤ ጠባሳው ሲኮማተር ፊቱም አብሮ ተጨማዷል። ጊሊስ መልሶ ይከፍተው ነበር፣ የተረፈውን ወደየቦታው ይመልስና የጎደለውን ከሌላ የሰውነት ክፍል ያመጣ ነበር። አንድ ሰው ላይ ለዓመታት እየተመላለሱ ይሠሩ ነበር።

"ጥርስ ነቃይ" እየተባላችሁ የምትሰደቡት ደግሞ ይህችን ስሙ። በዚያው ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ "ተአምረኛው" ተብሎ የተጠራው ሰው ጥርስ ሐኪም ነበር። ቫራዝታድ ካዛንጂያን፣ ከኦቶማን ግዛት ወደ አሜሪካ የተሰደደ አርመናዊ። ሃርቫርድ ጥርስ ሕክምና ከመግባቱ በፊት የሽቦ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ኋላ በዚያች ሽቦ ጠምዛዥ እጁ የስንቱን መንጋጋ አሰረ። ከጦርነቱ መልስ ሕክምና ተምሮ ሃርቫርድ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ፕሮፌሰር ሆነ። እናንተ ያላችሁ፣ ሌላው ሰርጅን የሌለው ነገር የጥርስ አገጣጠም እውቀት ነው። የመንጋጋው አጥንት የት እንደነበር የሚነግራችሁ ጥርሱ ነው። የላይና የታቹን ጥርስ አጋጥማችሁ በአርች ባር (ጥርስ ላይ በሚታሰር ቀስት መሰል ብረት) እና በሽቦ እሰሩ፣ ከዚያ ነው ፕሌት (አጥንት ማያያዣ ብረት) የሚባለው። አጥንቱ ደቅቆ ከሆነ ትልቁና ጠንካራው ፕሌት ያስፈልጋል፣ ወይም ከውጭ የሚይዝ ብረት። አጥንት ከጎደለ ከዳሌ ወይም ከእግር ይመጣል፣ ግን ቁስሉ ጸድቶ፣ ሰውየው በልቶ አቅም ሲያገኝ።

መብላት ካልኩ አይቀር። አፉ በሽቦ የታሰረ ሰው ሳምንታት በፈሳሽ ይኖራል። "ፈሳሽ ይውሰድ" ብሎ ካርድ ላይ መጻፍ ሕክምና አይደለም። እናቱን ወይም ሚስቱን ጠርታችሁ አስረዱ፤ አጥሚት፣ ወተት፣ ሾርባ፣ ቀጠን ያለ ሽሮ በስሪንጅ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቀን ሙሉ። ጾም ከሆነ ወተቱን እምቢ ይላል። አትከራከሩት፣ የንስሐ አባቱን አስጠሩለት፣ እሳቸው ፈቅደው ሲነግሩት ይጠጣል። ካልሆነም የሱፍ ውሃና ተልባ አለ። አልጋው ራስጌ ላይ ደግሞ ሽቦ መቁረጫ ይንጠልጠል፤ ሁሌም። ካስመለሰው የትኛው ሽቦ እንደሚቆረጥ አስታማሚውም ተረኛ ነርሷም ይወቁ፤ መቁረጫው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ ከወጣችው ነርስ ጋር ሄዶ ከሆነ የለም ማለት ነው።

ሽቦው ሲፈታ አፉ አይከፈትም። የእንጨት ምላስ መጫኛዎችን ደርቡና በጥርሶቹ መሀል ያስገባ፣ በየጥቂት ቀኑ አንድ ይጨምር። የሚያለቅሱ አሉ። አትዘኑና አትተዉ።

መስታወቱስ? ሲድከፕ ውስጥ መስታወት ከዋርዱ ይነሳ እንደነበር ይነገራል። እኛ ዛሬ አንችልም፣ ስልክ ያልያዘ የለም፤ ሌሊት ብቻውን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ፊቱን በካሜራ ከሚያይ እናንተ ባላችሁበት፣ ቀን፣ "አሁን ማየት ትፈልጋለህ?" ተብሎ ቢያይ ይሻላል ባይ ነኝ። ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ እያሳያችሁት። በጋቢ ተሸፋፍኖ ሲመጣ ግለጥ ብላችሁ አትቆጡ፣ ስታወሩት ግን ዓይኑን እዩት። ራሱ ላይ ተኩሶ የተረፈ ሰው ሲገጥማችሁ ደግሞ በሰው ፊት "ለምን አደረግኸው?" አይባልም። የአእምሮ ሐኪም በመጀመሪያው ሳምንት ይየው፣ ብቻውን አይተው፣ ቁስሉንም እንደማንኛውም ሰው ቁስል በሙሉ አቅም ሥሩለት።

ሪፈር ስትሉ ቀድማችሁ ደውሉ። ወረቀቱ ላይ የተመታበትን ሰዓት፣ የቲታነስ መርፌና አንቲባዮቲክ የተሰጠበትን ሰዓት፣ የጎደለውን ጥርስና ውስጥ የቀረውን ጎዝ ብዛት ጻፉ። አራት ጠቅጥቃችሁ "ፓክ ተደርጓል" ብቻ ካላችሁን፣ እኛ ሦስት አውጥተን አራተኛውን ጉሮሮ ውስጥ ስንፈልግ እናድራለን። በአምቡላንስ ስትልኩትም ለሾፌሩ ጭምር ንገሩት፤ ቁጭ ብሎ ነው የሚሄደው።